ተክሌ ከአስፋልቱ ዳር የራቀበት ዓመት

ተክሌ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። እህል በየኬላው በሚያዝበት በደርግ ጊዜ ከቀወት ገበሬዎች ሽንኩርት እየገዛ ሸዋ ሮቢት ላይ ያከማችና በሚያልፉ የጭነት መኪኖች ወደ ደሴም ወደ አዲስ አበባም ይልክ ነበር። ንግዱ እንደ ንግድ ክፉ አልነበረም። ክፉው ነገር ተክሌ አንዴ አስፋልት ዳር ከቆመ የሚያነሣው ሰው መጥፋቱ ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚመጣውን ሾፌር ያስቆማል፤ ከካራቆሬ በኩል የሚመጣውንም ያስቆማል። "ሽንኩርት ስንት ገባ?" መልሱን ሰምቶም አይረካም። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ወሬ ይዞ እንደሆነ ብሎ ፀሐዩ አናቱን እየበሳው ይጠብቃል።

መጀመሪያ ሰው አደነቀው። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ፊደል መጨረስ ያቃተው፣ በመቁነጥነጡ ስንት አለንጋ የቀመሰ ሰው፣ የሽንኩርት ዋጋ ሲሆን ምግብ ሳያምረው ሲያሰላ ይውላል። "ልቡ የሚገባለት ሥራ አገኘ" አሉ። ሚስቱ ጌጤም እንደዚያው አስባ ነበር። እያደር ግን ሌላ ነገር አየች። ተክሌ አትርፎ ሲገባ ፊቱ አይፈታም፤ እንዲያውም ጭነቱ ተሸጦ ያለቀ ዕለት ያኮርፋል። ሲከስር ደግሞ ኪሳራውን ሊመልስ ብሎ የባሰውን ይገዛል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ጆሮው መንገድ ላይ ነው።

"ተክሌ፣ ይኼ ነገር ንግድ ነው ወይስ ሌላ?" አለችው አንድ ቀን።

"ምን ሌላ አለው?"

"ስሙን እኔ አላውቅም። ስታተርፍም ስትከስርም ቤት ውስጥ የለህም።"

ተቆጥቶ ወጣ።

ክረምቱ ሲወጣ እንደ ልማዱ ወባ ቆላውን ያዘው። ትንሿ ልጃቸው ውባለም ትኩሳት ይዟት ትቃዥ ጀመር። ጌጤ አቅፋት፣ "ሩጥ፣ ጋሪ ይዘህ ና፤ ጤና ጣቢያ እናድርሳት" አለች። ተክሌ ሮጠ። እውነትም ጋሪ ሊፈልግ ነበር የሮጠው። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ግን አንድ የሚያውቀው ሾፌር ፍሬን ያዘና፣ "ደሴ ሽንኩርት ጠፍቷል! ዛሬ የደረሰ በፈለገው ዋጋ ይሸጣል" አለው። ተክሌ ሰው ጠርቶ አስጫነ። እሱም ከሾፌሩ ጎን ወጥቶ ተቀመጠ። ልጁ ትዝ ያለችው ካራቆሬን ካለፉ በኋላ ነው። "አውርደኝ" ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ፣ ጌጤ ጋሪ አታጣም ብሎ ራሱን አጽናናና መንገዱን ቀጠለ። ደሴ ገባ። ሽንኩርቱንም እንደተባለው በጥሩ ዋጋ ሸጠው።

በማግስቱ ሲመለስ ቤቱ ዝግ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። ልጅቱ አልጋ ላይ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ትጠጣለች። ጌጤ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በሩ ላይ አብዱልሃዲ ቆመዋል። አብዱልሃዲ የአባቱ ወዳጅ የነበሩ፣ ለዓመታት ሽንኩርታቸውን ለሱ የሚሸጡ የቀወት ሽማግሌ ናቸው። ጌጤን ልጅ ታቅፋ መንገድ ላይ ስታለቅስ አግኝተው፣ ለገበያ የጫኑትን ሙዝ መንገድ ዳር አራግፈው በጋሪያቸው ያደረሷት እሳቸው ነበሩ።

እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። "ያተረፋት አላህ ነው። ይልቅ ግባና እጇን ያዝ።"

ልጅቱን ያከማት የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰሩ ብርሃኔ ነው፤ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ቁጥብ ሰው። ከሰዓት በኋላ ተክሌን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጠው። ተክሌ ስድብ ጠብቆ ነበር።

"አተረፍክ?" አለው ብርሃኔ።

"አዎ።"

"ደስ አለህ?"

ተክሌ መሬቱን በእንጨት ጫረ።

"እኔ ወታደር ሳለሁ በብር ካርታ እጫወት ነበር። የሌሎቹን ብር ስበላም ደስ አይለኝም፤ የምፈልገው የሚቀጥለውን ካርታ ነበር። ትናንት ሚስትህ የነገረችኝን ስሰማ ራሴን ያወራችልኝ መሰለኝ።"

"እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም። ነጋዴ ነኝ።"

"ነጋዴማ ነህ። መቀመጥ አለመቻልህ ተፈጥሮህ ነው፤ አያሳፍርም። አንድ ነገር ላይ ልብን ጥሎ መዋልም በሽታ አይደለም። ግን ለልጅህ ጋሪ ልታመጣ ወጥተህ መኪና ላይ ስትወጣ፣ ያ ንግድ ነበር?"

ተክሌ አለቀሰ። ማፈር ብቻ አልነበረም። ስንት ዓመት ውስጡን ሲንጠው የኖረውን ነገር ሳይሰድበው ስሙን የጠራለት ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ሸክም የወረደለት መሰለው።

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"እኔ የዳንኩት ካርታ ከሚጫወቱበት ቦታ ርቄ ነው። ብቻዬን ግን አልቻልኩም።"

አብዱልሃዲ አጠገባቸው ቆመው ይሰሙ ኖሯል። "የአባትህ መሬት ከኔ ማሳ ጎን ነው፤ ወንድምህ ብቻውን ይደክምበታል" አሉት። "ውረድና አግዘው። መቀመጥ እንደሆነ የመስኖ ውሃ ማንንም አያስቀምጥም።"

ተክሌ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር ወረደ። መጀመሪያ ላይ ከብዶት ነበር። የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ አካፋውን ጥሎ ወደ አስፋልቱ ይሄዳል። አብዱልሃዲ አይቆጡትም፤ ዱላቸውን አንስተው ይከተሉታል።

"እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ?"

"ካንተ ጋ ልቆም።"

ጥቂት ቆመው፣ ስለ ዝናብ አውርተው ይመለሳሉ። አንድ የመከር ወቅት ላይ ተደብቆ የሰው ሽንኩርት ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ማታውን ግን ራሱ ለጌጤ ነገራት። ጌጤ ነጠላዋን አጣፍታ አብራው ሄደችና ውሉን አፈረሱት። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ነው ከስንት ጊዜ በኋላ አብራው የሳቀችው።

እየቆየ ገበሬዎቹ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት አደረጉት። ቦዩን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውላል፤ የማን ማሳ እንደጠጣ፣ የማን ተራ እንደደረሰ አይስትም። ሽንኩርቱን የምትሸጠው ጌጤ ናት። ስንት እንደገባ እሱ አይጠይቃትም፤ እሷም ካልጠየቃት አትነግረውም።

ለአረፋ አብዱልሃዲ ጠሯቸው። ለክርስቲያን እንግዶቻቸው ለብቻ በግ በክርስቲያን እጅ አሳርደው ነበር፤ ብርሃኔም መጥቷል። ተክሌ ምስጋና ሊያቀርብ ተነሣ።

"እናንተ ባትኖሩ…" ብሎ ጀመረ።

"ኖረናላ!" አሉ አብዱልሃዲ። "በል ብላ።"

ከዚያ ወዲህ ተክሌ ከተማ በወጣ ቁጥር ጤና ጣቢያው ሳይገባ አያልፍም። ፓፓያም ይሁን ቲማቲም፣ ማሳው የሰጠውን ይዞ ነው። ብርሃኔ፣ "በሽተኛ መሐል ምን ታደርጋለህ፣ ሂድ እንጂ!" እያለ ይቆጣዋል፤ ፓፓያውን ግን ይቀበለዋል።