እማዬ አዳራሹን አስጮኸችው!

"ሂን በኒን! በሩን እንዳትከፍቺው!"

ዛሬ ከሰዓት ሲኒማ ውስጥ ከወንበሯ ብድግ ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲህ ያለችው የገዛ እናቴ ናት!

በልጅነቴ እማዬ ከአባዬ ጋር በቴሌቪዥን ትከታተለው የነበረው ድራማ አስፈሪ ፊልም ሆኖ እንደገና ተሠርቷል። አባዬ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ እማዬ ሄርማታ ሰፈር ካለው ሱቋና ከቤቷ በቀር የትም አትሄድም፤ ዛሬ ለምኜ ነው የወሰድኳት።

እሷ ስትጮህ አዳራሹ ሁሉ አብሯት ጮኸ! ከኋላችን የተቀመጡ ተማሪዎች "ማዘር፣ አሁን ምን ይመጣል?" እያሉ ይጠይቋታል፤ እሷም ትነግራቸዋለች። (እኔ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ነበር።)

ስንወጣ "ወላሂ፣ አባትሽ ቢኖር ወንበር ሥር ይገባ ነበር!" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ እንዴት ናፍቆኝ ነበር!

እናንተስ ቤት ፊልም ሲያስፈራ መጀመሪያ የሚጮኸው ማነው?