በገበር የተሰፋ የታክሲ ሂሳብ

ሚሊሜትር የምንለው ልብስ ሰፊ ከውጭ አገር ከተመለሰ ሰባት ወር ሆነው። በእነዚህ ሰባት ወራት ስለ ጉዞው የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተናገረውም ለእኔ ነው። ሰው ሱቃችን በር ላይ ቆሞ "እንዴት ነው ታዲያ አገሩ?" ሲለው "ትልቅ ነው" ይልና የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ሰዎቹ የቀለደ መስሏቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በእግሩ ለክቶታል።

በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠን ጎን ለጎን ስንሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እሱ ኮትና ሱሪ ይሰፋል፤ እኔ የሴት ቀሚስና የተማሪ ደንብ ልብስ። ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሌላው ሰፊ አንድ ጣት ቢሳሳት "ሲታጠብ ይስተካከላል" ብሎ ያስረክባል። እሱ የክር ውፍረት ታህል ከተዛነፈበት ሙሉ እጅጌ ይተረትራል። ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሰዓቱን እያየ፣ እየተሳደበ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይተረትራል። ስንት ጊዜ ተጣልተናል! እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ፤ እሱ ደግሞ ሲቆጡት የባሰ ዝም የሚል ነው።

እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ የሰው ልብስ እያጠበች፣ እሷ ሳትበላ እሱን እያበላች አሳደገችው። ለሙያው የመጀመሪያውን መቀስ የገዛችለትም እሷ ናት። እሱ ራሱን ሲችል ውጭ አገር ሄደችና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ኖረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። በስልክ ሲያወሩ የእሱ ድምፅ ይለወጥ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ "እሺ እትዬ፤ በልቻለሁ እትዬ፤ አዎ ለብሻለሁ እትዬ" ሲል እኔ ጨርቅ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እስቅበታለሁ።

አንድ ቀን ጧት ደወለች። እጁ ሥራ ስለያዘ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በድምፅ ማጉያ ስለከፈተው እኔም ሰማሁ።

"ትንሹ፣ ሆስፒታል ነው ያለሁት" አለች። "ጉበቴ ነው አሉኝ። ልደብቅህ አልፈልግም፣ የምተርፍ ሰው አይደለሁም። አንዴ ዓይንህን ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እመጣለሁ እትዬ። ጠብቂኝ።"

"እጠብቅሃለሁ። ግን ቶሎ በል፣ ወንድምዬ።"

ቶሎ ማለት በእጃችን ቢሆን ኖሮ! ቪዛው አምስት ሳምንት ፈጀ። ወረቀት ጎደለ፣ ፎቶው ትልቅ ነው፣ ፎቶው ትንሽ ነው፣ ነገ ና። ያጠራቀማትን ሁሉ ለአውሮፕላን ትኬት አራገፈ። ለመንገድ የያዘው ገንዘብ እሷው በየጊዜው በመንገደኛ እጅ "ለክፉ ቀን" እያለች የላከችለትን የውጭ አገር ኖት ነበር። ሳይመነዝረው፣ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጦት የኖረ ገንዘብ ነው። ለታክሲም፣ ለምግብም፣ ለማደሪያም በቂ ነበር፤ ይተርፍም ነበር።

አሁን የእኔ ጥፋት ይመጣል። ልሸሽገው አልችልም።

የአንድ ደንበኛችን አጎት ውጭ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኪሱን ተበርብሮ ባዶ እጁን እንደቀረ ሰምቼ ነበር። ይህን ወሬ ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ነገርኩት። ለመሄድ ለተነሳ ሰው እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚነገረው ምን ይሁን ተብሎ ነው? ሚሊሜትር ፊቱ ጥቁር አለ። "ታዲያ የት ልያዘው?" ሲለኝ "አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ? ኮትህ ገበር ውስጥ ስፋው" አልኩት። በራሴ ብልሃት ደስ ብሎኝ ሻይ ጋበዝኩት።

መጀመሪያ በእጅ መርፌ ሞከረው። ኖቶቹ ገበሩ ውስጥ ተንሸራተው እየተጠቀለሉ ኮቱ ጎኑ ላይ አበጠበት። ያበጠ ኮት ለብሶ እህቱ ፊት ሊቆም? ሚሊሜትር! ተረተረው፣ እንደገና ሰፋው፣ እንደገና ተረተረው። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና "በመኪና ምታው! ወረቀት ነው እንጂ ብርጭቆ አይደለም!" ብዬ ጮህኩበት።

በመኪና መታው። እያንዳንዱን ኖት ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በደቃቁ ስፌት አስኬደው፤ እንዳይንሸራተት ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ አሳለፈበት። እኔ ተኮስኩት። ኮቱን ሲለብሰው ገንዘብ እንዳለበት እጅ እንኳ አያውቅም። ሁለታችንም ተያይተን ሳቅን። በዕድሜያችን ካየነው ሥራ ሁሉ የጠራ ሥራ ነበር፤ እግዜር ይይላት ያችን ሰዓት።

ከአገር ሲወጣ ፍተሻ ላይ ከኪሱ የማትለየውን ትንሿን የክር መቀስ ወሰዱበት። ስለት አይገባም ተባለ። ያኔ ምንም አልመሰለውም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ሆስፒታሉ በመኪና ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ያሰበው ይህን ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነበር። የታክሲ ሂሳብ በመስታወት ከታጠረ መስኮት አስቀድሞ ይከፈላል፤ እዚያ የሚሰጠውን ቲኬት ያልያዘ ሰው ሾፌር አይጭነውም። የዚያን አገር ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ስለሚሞክር ይህን ተረዳና ገንዘቡን ሊያወጣ መጸዳጃ ቤት ገባ።

ምን ይዞ ይተርትረው? መቀስ የለ፣ ምላጭ የለ። በጥርሱ ገባበት። በቤት ቁልፍ ጎረጎረው። እሱ ራሱ እንዳይላቀቅ ብሎ የሰፋው ስፌት እንዴት ይላቀቅ? ላቡ ጠብ እያለ፣ ሰው በሩን እያንኳኳበት፣ በመጨረሻ ገበሩን ይዞ ቦጨቀው። ኖቶቹ አንዳንዶቹ ለሁለት ተገምሰው ወጡ። የቀሩት ዙሪያቸውንና መሐላቸውን እንደ ቴምብር ተበሳስተዋል።

ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። መርፌ ወረቀት እንደሚበሳ የማያውቅ ሰፊ በዓለም ላይ አለ? የለም። እኛ ግን ስናስብ የነበረው ስለ ኮቱ ነበር።

ደህና የሚመስሉትን መርጦ በመስኮቱ አሾለከ። ሴትዮዋ ገንዘብ መቁጠሪያው ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው፤ መቁጠሪያው ተፋቸው። ወደ መብራቱ አንስታ አየቻቸው፤ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ገባ። አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ጥበቃ ጠራ። ሚሊሜትርን አንዲት ወንበር ብቻ ያለባት ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ገንዘቡ ሐሰተኛ ነው ወይስ እውነተኛ የሚለውን ለማወቅ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ኮቱን ገልብጦ ገበሩን አሳያቸው፣ በእጁ የመኪና መርፌ ወጣ ገባ ሲል አሳያቸው። "እህቴ ሆስፒታል ናት" አላቸው ደጋግሞ። አንደኛው ውኃ ሰጠው። ኋላ እውነተኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ገንዘቡን መለሱለትና "የተጎዳ ኖት የሚቀይርልህ ዋናው ባንክ ነው" አሉት።

"ባንኩ የት ነው?"

"መሐል ከተማ።"

"በምን ልሂድ?"

"በታክሲ" አሉት።

ስልኩን አወጣ፤ ድንበር ሲሻገር ዲዳ ሆኗል። አንድ ሁለት ሾፌሮችን ለመነ፤ ትከሻቸውን ነቅንቀው አለፉት። ከዚያ አንድ ሸምገል ያለ ሾፌር የያዘውን አድራሻ አየና የመኪናውን በር ከፈተለት። "ሆስፒታል ነው? ና ግባ። እዚያ ስንደርስ ሰው ይክፈልልህ" አለው።

ይህን የነገረኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። ኮሌታ እየገለበጠ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ ነበር የሚያወራው። እዚህ ላይ ሲደርስ ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ።

"ገባሃ!" አልኩት።

"አልገባሁም።"

"ለምን?"

"ማን ይክፈልልኝ? እዚያ አገር ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ሃያ ሁለት ዓመት ሳላያት፣ ገና ሳልስማት፣ አልጋ ላይ የወደቀችን ሰው 'የታክሲ ክፈይልኝ' ልበላት?"

ደሜ ፈላ። ይሉኝታ! ስንቱን ቤት ያፈረሰ፣ ስንቱን ሰው በቁሙ የቀበረ ነገር ነው። የያዝኩትን ቀሚስ ወርውሬ ተነሳሁ።

"ብትከፍልልህስ? ምን ትሆናለች? ከልጅነትህ ጀምሮ ስንቱን ከፍላልሃለች!"

"ለዚያ እኮ ነው" አለኝ።

የወረወርኩትን ቀሚስ አነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሾፌሩን አመስግኖ ሻንጣውን አንስቶ በእግሩ ተነሳ። የመኪና መንገድ ነው፤ ለእግረኛ የተሠራ አይደለም። ከጎኑ የሚበሩት መኪኖች ነፋሳቸው ያንገዳግደዋል፣ ጡሩምባ ይነፉበታል። የሻንጣው ጎማ ተሰበረ፤ በትከሻው ተሸከመው። ለጉዞው ብሎ የገዛው አዲስ ጫማ ተረከዙን ላጠው፤ አውልቆ በካልሲ ሄደ፤ አስፋልቱ ሲያቃጥለው መልሶ አጠለቀው። አድራሻውን ለሰው እያሳየ ይጠይቃል፤ ሰዎች እንደ እብድ ያዩታል፣ ከዚያ በእጃቸው ወደ ሩቅ ያመለክቱታል። አንድ ጊዜ መንገድ ስቶ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ደረሰና የመጣበትን ሁሉ ተመለሰ። እያለቀሰ እንደነበር ያወቀው አንዲት ሴት ቆማ መሐረብ ስትሰጠው ነው። "ጠብቂኝ እትዬ፣ ጠብቂኝ እያልኩ ነበር የምሄደው" አለኝ። "ጮክ ብዬ።"

ዛሬ ይህን ቢሰማ ሁሉም መካሪ ይሆን ነበር። ባንክ አትመነዝረውም ነበር? ካርድ አታወጣም ነበር? ሰው ተቀባይ አታዘጋጅም ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ ያችን የመኪና በር አስባታለሁ። ተከፍታ ነበር። እግሩን አንስቶ ማስገባት ብቻ ነበር የቀረው። እሷ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር ደግሞ እሱም እኔም እናውቃለን። ሳቅ ነበር የምትለው። በዚያ በታመመ አንጀቷ ስቃ፣ ቦርሳዬን አምጡልኝ ነበር የምትለው።

ሆስፒታሉ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሁለት ፎቅ በደረጃ ወጣ፤ አሳንሰሩን መጠበቅ አልቻለም። ክፍሉን አገኘው። አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው ተወጥሮ፣ ትራሱ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ መስኮቱ ተከፍቷል። በሩ ላይ እንደቆመ አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ትከሻው አቧራ፣ ኮቱ የተቦጨቀ፣ ጫማው ደም የነካው።

"ወንድሟ ነህ?" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብላ፣ እንዲገባው ቃል በቃል እየለየች፣ ከሦስት ሰዓት በፊት እንዳረፈች ነገረችው።

አላለቀሰም። እንባው መንገድ ላይ አልቋል። ነርሷ ግን አልሄደችም፤ ልጠይቅህ የምፈልገው ነገር አለ አለችው። ከጧት ጀምሮ በሽተኛዋ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ ያንኑ ቃል ትላለች። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትገባ፣ ሐኪሙ ሲገባ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ይዛ ስትገባ። ማንም አልገባውም። እየደጋገመች ስትጨነቅ ሕመም የበረታባት መስሏቸው የማስታገሻውን መርፌ ጨመሩላት፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

"ምን ፈልጋ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ" አለችው ነርሷ። ቃሉን በቃሏ ይዛዋለች። እንደ ሕፃን እየኮላተፈች፣ ግን አንዲት ፊደል ሳትስት አለችለት፦

"ደረሰ? ደረሰ?"

ከዚያ ፊቱን እያየች መልሱን ጠበቀች።

"ስለ እኔ ነው" አላት።