ከየኋላሸት በላይ ያለው ጭቃ

አራጋው ከሐይቁ ጋር ከተጣላ ስምንት ዓመት አለፈው። ተጣላ ይባል እንጂ ሌላ እንጀራ ስለሌለው በየማለዳው ጀልባውን እየገፋ ይገባበታል። ሲገባም ሲወጣም አንድ ቃል አይተነፍስም። የሐይቅ ከተማ ዓሣ አስጋሪዎች ውኃ ላይ ሲሆኑ ወሬ ይወዳሉ፤ ከጀልባ ጀልባ እየተጠራሩ ይቀላለዳሉ። እሱ ሲያልፍ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የበኩር ልጁ የኋላሸት መረብ ሊያነሣ ወጥቶ የቀረው ያኔ በታኅሣሥ ነው። ጀልባው መሀል ሐይቅ ላይ ባዶዋን ስትዞር ተገኘች። ዋና እችላለሁ ያለ ሁሉ ገባ፣ መረብ ተጎተተ፤ ሬሳው አልወጣም። ፍትሐቱ ደረሰለት፣ ተዝካሩም ወጣለት፤ መቃብር ግን የለውም። እናቱን ማናዬን የሚያንገበግባት ይኸ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ እያንዳንዷ ሴት ወደ ሟቿ ጎራ ብላ፣ ድንጋዩን ዳስሳ፣ አረሙን ነቅላ ትሄዳለች። ማናዬ የምትነቅለው አረም የላትም፤ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ዓሣም ከዚያ ወዲህ ባፏ አልዞረም። ምን በልቶ እንዳደገ ማን ያውቃል ትላለች። እንዲህ ስትል አራጋው ተነሥቶ ይወጣል።

ዘንድሮ በበጋው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ። ሁለት ጀልባ በሣንቃ አጣምረው፣ ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል እያወረዱ ጭቃ ያወጣሉ። ጭቃ! የከተማው ሰው ሣቀባቸው፤ ዳር ዳሩ ሞልቶ የለም ወይ። ቀዛፊ ሲፈልጉ አራጋውን አገኙ። የሚቆፍሩበትን ቦታ ሲያሳዩት መቅዘፉን አቆመ፤ ያቺ ባዶ ጀልባ የተገኘችበት ነበር።

"እዚያ ባይሆንስ?" አለ።

"ጥልቁ እዚያ ነው አባባ። ምንም ያልነካው ጭቃ የሚገኘው ጥልቁ ላይ ነው" አለችው ሳምሪ የምትባለው ወጣት ተመራማሪ።

ቱቦው በወረደ ቁጥር የገዛ ጎኑን የሚወጋው ይመስለው ነበር። ሲወጣ ደግሞ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ቁራጭ ጨርቅ፣ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ይዞ እንዳይመጣ። የወጣው ጭቃ ብቻ ነበር። ዳር ደርሰው ሳምሪ ቱቦውን ለሁለት ስትሰነጥቀው፣ ጭቃው ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ እንደ ቀሚስ ጥለት ተደርድሯል።

"ይዩ አባባ" አለች። "ይህ ነጣ ያለው ዝናብ የጠፋበት ዘመን ነው። ይህች ግራጫ ክር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የዘነበ አመድ ናት። እዚህ ታች ደግሞ..." ከጥፍር የምታንስ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በወረንጦ አነሣች። "ሐይቁ ሊደርቅ የደረሰበት ጊዜ ነው። አሥራ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ትናንት የሞተች አትመስልም?"

አራጋው ቅርፊቷን በመዳፉ ተቀበለ። ይህን ሁሉ ዘመን ይህቺ ሚጢጢ ነገር እንኳ አልጠፋችም።

"የገባበት ነገር ሁሉ እንዲህ ይቆያል?"

"ታች ያለው ውኃ አየር የለውም፤ ቶሎ አያበሰብስም። በየዓመቱ ስስ ጭቃ ይወርድበታል፣ ይሸፈናል።"

"በስምንት ዓመትስ ምን ያህል ይሸፍነዋል?"

ለምን ስምንት እንዳለ አልጠየቀችውም። የአውራ ጣቷን ጥፍር አሳየችው። "ይህን እንኳ አይሞላም።"

ልጁን መጨረሻ የሌለው ጨለማ የዋጠው ሲመስለው፣ ለካስ ከጥፍር በማይበልጥ ጭቃ ሥር ነው! ከዚያ በኋላ አራጋው መቅዘፊያውን በቀስታ ማጥለቅ ጀመረ። ውኃው የጀልባውን ሆድ መታ ባደረገ ቁጥር "አባዬ" የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ዞር ብሎ ያያል፤ ማንም የለም።

ሥራው ሲያልቅ ሳምሪን ለመናት። "ከላይ ከላዩ ጥቂት ስጭኝ፣ በሞቴ።" በቱቦዎቹ አናት ያለው ጭቃ ተበጥብጦ ለምርምሯ የማይሆን ስለነበረ፣ ከየቱቦው እየቀነሰች በፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችው።

አራጋው በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ሄደ። ነገሩን ሰምተው "ፍትሐቱ አንዴ ደርሷል፣ አይደገምም። አፈር መቅበር ግን ማን ይከለክልሃል? እናቱ የምትቆምበት ይሁናት" አሉት። አራጋው ከወላጆቹ መቃብር ጎን ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረና ማናዬን ጠራት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። ልጃቸው ከቀረ ወዲህ ለሚስቱ አንድ ነገር ይዞላት ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

ማናዬ ጭቃውን በጣቷ ዳሰሰች፣ አሸተተች። "ከሱ ቦታ ነው?"

"ከሱ ቦታ። ልጅቷ አስረድታኛለች፤ የታችኛው የጥንት ነው፣ የላይኛው የቅርብ። ይኸ ከላይ ከላዩ ነው።"

"እሱ ያለውስ የቱ ጋ ነው?"

"ከዚህ ሥር፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ።"

ማናዬ እጇን ከኩባያው አወጣች። "እንግዲህ ይኸ እሱ ላይ የወረደው ነዋ።"

አራጋው ጎንበስ ብሎ ኩባያው ውስጥ አየ።

"አንት ሰው፣ ልጄን ገለጥከው!" ብላ ጮኸች። "ስንት ዓመት እግዜር እያለበሰው የኖረውን ገፍፈህ መጣህ?"

ቱቦው የነካው ከሐይቁ ወለል የሰሐን ያህል እንኳ እንደማይሆን ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም። እሱንም ብርድ ብርድ ብሎታል፤ ልጁ ዕራቁቱን ሆኖ ታየው።

ጉድጓዱን ባዶውን ደፍነው ሁለቱም ወደ ሐይቁ ወረዱ። ማናዬ ልጇ ከቀረ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ዛሬ ማንም ሳይደግፋት ገባች። ቦታው ሲደርሱ ኩባያውን ራሷ ቀስ አድርጋ አዘነበለችው። ጭቃው አልሰመጠም፤ ደመና ሆኖ ከጀልባው ሥር ተበተነ።

"መቼ ይደርስለታል?" አለች።

"ደቃቅ ነው። ወር ይፈጅ ይሆናል፣ ከዚያም በላይ።"

ማናዬ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተደላድላ ተቀመጠች። "እስኪደርስለት ብቻውን አንተወውም" አለች።

አራጋው መቅዘፊያውን ከውኃው አውጥቶ ጀልባው ውስጥ አጋደመው።