ሲካዳዎቹ በወጡበት ወር፣ ወንድሜ ቤት

እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሜይ ሲገባ፣ ከኦክላንድ ተነሥቼ ቴነሲ ውስጥ ወዳለችው ናሽቪል ሄድኩ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ እዚያ ለሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ አንዱን ኩላሊቴን መስጠት። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ "ዘመድ ጥየቃ ነው" እያልኩ ነው የወጣሁት። እውነቱን የሚያውቁት ባለቤቴ ዳዊት፣ ልጃችን ቤዛና ፈቃድ የሰጠችኝ አለቃዬ ብቻ ነበሩ።

ከጋሼ ተክሌ ጋር በአባት ነው የምንገናኘው። አባታችን አስመራ ሲሠራ እሳቸውን ወለደ፤ እኔን ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ እሳቸው አሜሪካ ከገቡ ቆይተዋል። በአካል የተያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ለቅሶ ላይ ነው። ኩላሊታቸው መድከሙን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ናቸው፤ ያውም "ነገረችኝ እንዳትዪ" ብለው። ኦክላንድ ተመረመርኩ፣ ውጤቱ ተላከ፣ ገጠመ።

ለምን እንዳደረግሁት ሰዎች ይጠይቁኛል። የምሠራው ካስትሮ ቫሊ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ደማቸው በማሽን ሊጣራ ዲያሊስስ የሚሄዱትን አለባብሼ የምሸኘው፣ ሲመለሱም ጫማቸውን የማወልቀው እኔ ነኝ። ከዚያ ማሽን የሚመለስ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የወንድሜን ፊት እንደዚያ አድርጌ እያሰብኩ መተኛት አልቻልኩም።

ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለው አፓርታማችን እስከ ኤርፖርት ያደረሰኝ ዳዊት ነው። ቤዛ ከኋላ ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ማም፣ ኢዝ ኢት ጎና ኸርት?" ያምሻል ወይ ማለቷ ነው።

"ትንሽ።"

"ዩ ኦልዌይስ ሴይ ትንሽ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፊኒክስ ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። በአሥራ አንድ ዶላር የገዛሁትን ሳንድዊች ከግማሽ በላይ መብላት አቃተኝ። ናሽቪል ስደርስ መሽቷል። ከኤርፖርቱ ስወጣ እርጥብ ሙቀት ክዳኑ እንደተነሣለት ድስት ፊቴን መታኝ። እትዬ ለተብርሃን አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። መኪና ውስጥ ግን ስለ ልጆች ብቻ ነው ያወራነው።

የተበሳሳው ጓሮ

ጠዋት የጓሮውን በር ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የበሩ ወንፊት ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ ነፍሳት ተለጥፈዋል። ዛፉ ሥር ያለው መሬት ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ ግንዱ ላይ ደግሞ ጀርባው የተሰነጠቀ ባዶ ቅርፊት በያለበት ተንጠልጥሏል። እኔ በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሰው ነኝ።

"ሲካዳ ነው" አሉኝ እትዬ ለተብርሃን። "አሥራ ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ኖረው አሁን መውጣታቸው ነው። ባለፈው ሲወጡም እዚሁ ነበርን። አይነክሱም፣ አይናደፉም። ተጋብተው፣ እንቁላላቸውን ጥለው ይሞታሉ።"

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ድምፁ ተነሣ። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ሞተር ነበር፤ ቆይቶ ዛፎቹ ሁሉ ተቀባበሉት። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ ቴሌቪዥኑ አልሰማ አለን። ሲመሽ ሁሉም በአንዴ ጸጥ ይላል።

ጋሼ ተክሌ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበሩ። ከስተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ኩላሊቴን ልስጥዎ ስላቸው በስልክ እሺ ብለው ነበር፤ ፊት ለፊት ሲያዩኝ ግን ልባቸው ተመለሰ።

"ሙሉ፣ ልጅ አለሽ" አሉኝ፤ "ገና ወጣት ነሽ። እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ነው። ሻይሽን ጠጪና ወደ ባልሽ ተመለሺ።"

"ትኬቴ ለሚቀጥለው ወር ነው።"

"ይቀየራል።"

"አይቀየርም" አልኩ። ይቀየር ነበር።

ለቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዛቸው። ሐኪሞቹም እስኪሻላቸው ድረስ አራዘሙት። "አየሽ፣ እግዚአብሔር ራሱ አልፈለገም" አሉ ጋሼ፣ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው። እትዬ ለተብርሃን ማድ ቤት ገብተው፣ ቧንቧውን ከፍተው አለቀሱ።

መንገድ ስጠርግ

እትዬ ለተብርሃን ሥራ ስላላቸው ጋሼን ወደ ዲያሊስስ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ከበሩ እስከ መኪናው ያለው መንገድ በሲካዳ ይሸፈናል። ሲረገጡ ቀጭ ይላሉ፤ አቅም የሌለውን ሰው ደግሞ ያንሸራትታሉ። ስለዚህ ቀድሜ በሻርፕ ተጠቅልዬ፣ ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ መጥረጊያ ይዤ እወጣለሁ። "በስመ አብ! በስመ አብ!" እያልኩ እጠርጋለሁ። ጋሼ በመስኮት ያዩኛል።

አንድ ቀን ከዲያሊስስ ስንወጣ፣ የመኪናውን በር እየከፈትኩላቸው ሳለ አንዱ በርሮ መጣና አንገቴ ላይ ዐረፈ፤ ከዚያ ከአንገትጌዬ ሥር ገባ። ቁልፉን ጥዬ ጮህኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። እየዘለልኩ "ጋሼ! ጋሼ!" እላለሁ። መቆም እንኳ የሚያቅታቸው ሰውዬ መኪናውን ተደግፈው መጡ።

"ቁሚ! ዝም ብለሽ ቁሚ!"

በሁለት ጣታቸው ይዘው አወጡት። እጃቸው ውስጥ ሆኖ ጥርርር ይላል። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካልሲዬ ውስጥ የገባውን ሱሪዬን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሜ ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም ሳቅሁ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሲካዳውን በመዳፋቸው እንደያዙ ጠየቁኝ።

"ይቺን የምትፈሪ፣ ቢላዋውን እንዴት ሳትፈሪው ቀረሽ?"

"ማን አልፈራም አለዎት? በጣም ነው የምፈራው።"

"ታዲያ?"

"ፈርቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።"

ሞተሩን አላስነሣሁም። ውጭ ዛፎቹ ይጮሃሉ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው መዳፋቸውን ከፈቱና ሲካዳውን ለቀቁት።

"እሺ" አሉ። "ግን እህት ወንድሟን እርስዎ አትልም። አንተ በይኝ።"

አፌ እስኪለምድ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንተ ነው የምለው፤ እዚህም ላይ እንደዚያው ልቀጥል።

"ሸና!"

ትኩሳቱ ለቆት፣ የደም ምርመራው ተደግሞ፣ አዲስ ቀን ተቆረጠልን። በዚያ ቀን ጠዋት ነርሷ ወረቀቷን እያየች "ሃፍ ሲስተር?" ብላ ጠየቀችው።

"ኖ። ሲስተር" አላት። ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ "ግማሹ የቱ ጋ ነው?" አለኝ።

አልጋዬን እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስገቡኝ የኮርኒሱን መብራቶች እያየሁ የቤዛን ስም ደጋገምኩ። ፍርሃቱ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አልተለየኝም።

ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ጎኔን የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዞታል። በኮሪደሩ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ሸና!" አሉ። "ሙሉዬ፣ ሸና እኮ! ገና ቀዶ ጥገናው ላይ እያለ ነው የጀመረው አሉኝ። ሸና!"

በዚያ ፎቅ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢኖር ምን ይል እንደነበር እንጃ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ ስፌቱ ሊገድለኝ ነው። "እትዬ፣ አያስቁኝ" እያልኩ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ወንድሜ ሽንት ካየ ዓመታት አልፈውት ነበር። ተመስገን አልኩ።

በረንዳው ላይ

የቀረውን ጊዜ ያሳለፍነው በወንፊት በተከለለው በረንዳ ላይ ነው፤ ሁለታችንም ስናስል ስፌታችን እንዳያመን ትራስ ሆዳችን ላይ አቅፈን። ሲካዳዎቹ ከውጭ ወንፊቱን ሙጭጭ ብለው ይዘውታል። ሚስ ዶና የምትባል ጎረቤት ሾርባ ይዛ ትመጣና "ዛሬ ማን አሸነፈ፣ እናንተ ወይስ እነሱ?" ትለናለች።

ከጩኸቱ ብዛት እየጮህን ነው የምናወራው። እትዬ ለተብርሃን ከማድ ቤት "ምን ያጣላችኋል?" ይላሉ።

ስለ አባታችን ነበር። እኔ የማውቀው ከሥራ መጥቶ ጋዜጣ ላይ የሚያቀረቅር፣ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሼ የሚያውቀው ግን ብስክሌት ላይ ከፊቱ አስቀምጦት፣ እያፏጨ ቁልቁል የሚበር ወጣት ነው።

"አባባ ያፏጭ ነበር?"

"ጎረቤት እስኪቆጣው!"

ሊያሳየኝ ሞከረ፤ ስፌቱ አላስቻለውም። እኔም በተራዬ የማውቀውን ነገርኩት። አባታችን አልጋ ላይ በዋለባቸው የመጨረሻ ቀናት በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ተክሌ ነው?" ይል ነበር።

"ማንም አልነገረኝም" አለ።

"የምታውቅ መስሎኝ ነበር።"

 ከዚያ እጁን ዘርግቶ የእኔን ያዘ። ጩኸቱ እንደዚያ መሆኑ ጥሩ ነበር፤ ሁለታችንም መናገር አይጠበቅብንም።

ጁን ሲጋመስ ድምፁ በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። ሬሳቸው ከዛፎቹ ሥር ተከመረ፤ ግቢው የበሰበሰ ዓሣ ሸተተ። ወፎቹ ከጥጋብ የተነሣ መብረር የታከታቸው ይመስሉ ነበር። እኔ ዕቃ ማንሣት ስላልተፈቀደልኝ ሚስ ዶና በአካፋ ዛቀችው። አንድ ጠዋት ተነሥተን ቡና ስንጠጣ የማንኪያችን ድምፅ ተሰማ። ሄደዋል ማለት ነው።

መመለስ

ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ተሰናበትኳቸው። ጋሼ ኤርፖርት ድረስ ማስክ አድርጎ መጣ፤ ሻንጣዬን እኔ አነሣለሁ እሱ አነሣለሁ ስንል እትዬ ለተብርሃን ሁለታችንንም ተቆጥተው ራሳቸው ወሰዱት። ኦክላንድ ስወርድ ቀዝቃዛው ነፋስ ለሸሚዜ በዛበት። ቤዛ ሮጣ መጥታ ልታቅፈኝ ስትል በድንገት ቆመች፤ ከዚያ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው በቀስታ ጎኔን ነካችው።

"ያማል?" አለች፤ በአማርኛ።

"አሁን አያምም።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም፤ ግን ያዝኩት። ደፋር እስክሆን ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን አልሄድኩም ነበር። ደግሞም ወንድሜን በደንብ ሳላውቀው ማርጀት እችል ነበር፤ አላረጀሁም። ለዚህ ጠዋት ጠዋት አመሰግናለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቀስ እያልኩ ስራመድ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። አፉ ሞልቷል።

"ምን እየበላህ ነው?"

"ብርቱካን" አለኝ። ዲያሊስስ ላይ ያለ ሰው ብርቱካን ይከለከላል፤ ዛሬ ሐኪሙ ፈቅዶለት ነው። "ሙሉ፣ አራት ዓመት ሙሉ እኮ! አትዝጊው፣ ገና ግማሹ አለኝ።"

አግዳሚ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ በልቶ እስኪጨርስ ድረስም ሲያኝክ ሰማሁት።