የአልጋዬ እግሮች

በንጉሡ ጊዜ ሳይንስ ላስተምር ነገሌ ቦረና ሲልኩኝ አልጋ እንኳ አልነበረኝም። ከከተማው ዳር ሀሜሳ ከሚሉት ዛፍ አራት ወፍራም ግንድ ቆርጬ የቤቴ አፈር ወለል ላይ ተከልኩ፤ ከላይ እንጨት አጋድሜ ጠፍር ወጠርኩባቸው። በተገላበጥኩ ቁጥር ይወዛወዝ ነበር።

በዚያው ሳምንት «ከሥሩ የተቆረጠ ግንድ ይሞታል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ሳቁ። ተናድጄ ሁሉንም አስወጣኋቸው።

ከዚያ ለሥራ ሻኪሶ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ተመልሼ የተቆለፈውን ቤቴን ስከፍት ከአልጋው ሥር ነጫጭ ጣቶች የመሰሉ ነገሮች ወጥተዋል። ብርሃን ያላዩ ቀንበጦች ነበሩ፤ ሁሉም ወደ በሩ ስንጥቅ አንገታቸውን አስግገዋል። ዝናብ ገና አልጣለም፣ ውሃ ያጠጣቸውም የለም።

ቤቱን ያከራዩኝ የቦረና እናት ከኋላዬ ብቅ ብለው አዩ።

«አይ መምህር! ሀሜሳ እኮ የአጥር እንጨት ነው። ቆርጠህ ብትተክለው መልሶ ይበቅላል። ማን ቤት ያስገባዋል?»

እየሳቁ ሄዱ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሆን ብዬ ወዘወዝኩት። አልተነቃነቀም። ከታች አጥብቆ የያዘው ነገር ነበር።