ሳላስፈቅድ የሄድኩበት ለቅሶ

እናቴ ባረፈችበት ዕለት ልጄ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። ፈተና ላይ ነበረች። እያለቀሰች «አባዬ፣ አሁኑኑ ወደ መናኸሪያ እየሄድኩ ነው» አለችኝ።

«መጀመሪያ የፈተና ማቋረጫ ቅጽ አስፈርሚ» አልኳት።

«አባዬ፣ አያቴ እኮ ናት የሞተችው!» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ለቀስተኛው መሀል ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት የመጣብኝ ግን የአባቴ ሞት ነበር።

ያኔ የመጨረሻ ዓመት ፈተናዬን ጀምሬ ነበር። ሞባይል ገና እንደ ልብ ስላልነበረ እናቴ አጎቴን ከመንደራችን ከጉኑኖ እኔ ወደምማርበት ሶዶ ድረስ ላከችው፤ መርዶውን በግቢው በር ላይ ነገረኝ። በነጠላ ጫማ እንደወጣሁ ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ። አባቱ ሞቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ልጅ እኛ አገር አልተወለደም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ከተማሪዎቹ ጋር የመንደራችንን ጭቃ አቋርጠው መጡ፤ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ቀምሰው፣ አጽናንተውኝ ተመለሱ።

ያልተፈተንኳቸው ኮርሶች ኤፍ ሆኑ። በዓመቱ ደግሜ ወስጄ ከተመራቂዎቹ አንደኛ ወጣሁ። ረዳት መምህር ሆኜ እዚያው እንደምቀር አልተጠራጠርኩም። ደመወዙ ከሁለተኛ ደረጃ መምህር ይሻላል፣ የቤት አበል አለው፣ ወጪውን ሸፍኖ ማስተርስም ያስተምራል። ታናሽ እህቴን የማስተምራት በዚያ ደመወዝ ነበር። ኃላፊው ቢሯቸው አስገብተው ጣታቸውን ትራንስክሪፕቴ ላይ አሳረፉ።

«ኤፍ ያለበት አይወዳደርም።»

«ቲቸር፣ ለቅሶው ላይ ነበሩ እኮ!»

«ነበርኩ። ቅጹን ሞልተህ ሄደህ ቢሆን ግን ኤፍ አይሆንም ነበር።»

ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከሚያዝንልህ ሰው ጋር ምን ብለህ ትጣላለህ?

ቤት ስገባ እናቴ ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝና «መቼ ትጀምራለህ?» አለችኝ። አጎቴን ልካ ከፈተናው ያስወጣችኝ እሷ ናት፤ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?

«ደመወዙ ለሶዶ የቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ተውኩት።»

«ደግ አደረግህ» ብላ አንድ ጎደሬ ጨመረችልኝ። እኔ ቤሌ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ በሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ጠመኔ ጨበጥኩ። እህቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። እናቴም ምክንያቱን ሳታውቅ ሞተች።

ልጄ ማምሻውን ደግማ ደወለች። የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የሚገኙት ነገ ነው አለችኝ። «ጠብቂ» አልኳት። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ልጄ እስክትደርስ ቀብሩን ትንሽ እንዲያቆዩልኝ ለመንኳቸው፤ ዝናቡ ግን ደመናውን አጥቁሮ መጣ፣ አልቻሉም።

ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። አላቀፈችኝም። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ መቃብሩ ሄደች። ልክ ነበርኩ። ልጄ ግን አያቷን ሳትቀብር ቀረች።