ካርዷን እንጂ እሷን አላየሁም

ወደ ካቺሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በክሊኒካል ነርስነት የተመደብኩ ዕለት፣ ኃላፊው የክትትል ክፍሉን ቁልፍ አስረከበኝ። «የሚጥል በሽታ ታካሚዎች የሚመጡት ማክሰኞ ነው። ካርድ ታያለሽ፣ የፌኖባርቢታል ክኒን ትሰጫለሽ፣ ትፈርሚያለሽ። ቀላል ሥራ ነው፣ ሲስተር» አለኝ። እኔ ሞኟም አመንኩት።

ራሱ የሚመጣ ታካሚ ጥቂት ነበር። መንገድ ላይ ይጥለኛል ብሎ ይፈራል፤ ቤተሰቡም ሰው ፊት በመውደቁ ያፍራል። ስለዚህ ካርዱን ይዞ የሚመጣው አባት ወይም ወንድም ነው። «ጣላት?» እላለሁ። «አልጣላትም» ይሉኛል። ክኒኑን ሰጥቼ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ።

እንደ ኦቦ ፈይሳ የቀጠሮ ቀን የሚያከብር አልነበረም። ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። የልጃቸውን የአያንቱን መድኃኒት ሊወስዱ በየወሩ ሳያዛንፉ ይመጣሉ። እኔም ካርዷ ላይ «ደህና ናት፣ ይቀጥል» እያልኩ አራት ዓመት ጻፍኩ። አንድም ቀን ግን ዓይኗን አላየሁም።

አንድ ማክሰኞ ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሲስተር፣ ልጄ መነሳት አቃታት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ወገቤን፣ ጭኔን ትላለች። ጎረቤት ሪህ ነው ብሎን ዝም አልን።»

በማግስቱ በጋሪ አመጧት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከበሩ እስከ በርጩማው እንደ ዳክዬ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች መጣች። ከተቀመጠች በኋላ አባቷ «ካኢ ልጄ፣ ተነሺ» አሏት። ጭኖቿን በሁለት እጇ ተደግፋ ሞከረች፤ ግማሽ ሳትደርስ ተመልሳ ወደቀች። ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ጮኸች።

«ቀን ቀን የት ነው የምትውዪው?» አልኳት።

«ጓዳ» አለች ቀስ ብላ። «ደጅ ከጣለኝ ሰው ያያል ይላሉ።»

ፌኖባርቢታል ለዓመታት ሲወሰድ ጉበት አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ቶሎ ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም። ፀሐይ የማታይ ልጅ ደግሞ የሚተካላት ነገር የላትም። ክኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ኦቦ ፈይሳ ፊቴን አነበቡት። «መድኃኒቱ ነው እንዴ?»

መዋሸት አማረኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አትውጥም!»

የጋቢያቸውን ጫፍ ያዝኩ። «ኦቦ፣ በአንዴ ካቆመች ያለማቋረጥ ይጥላታል፤ ልትሞት ትችላለች።»

«በእጄ ነው ያስዋጥኳት» አሉኝ። «አንቺን አምኜ።»

ሪፈር ጽፌ ብቻ መሸኘት አልሆነልኝም፤ አብሬያቸው አምቦ ሆስፒታል ሄድኩ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ደም አስመረመረ። የአጥንት ማዕድኖቿ፣ ካልሲየምና ፎስፌት፣ ዝቅ ብለዋል፤ አጥንት ሲጎዳ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቷ ደህና ነው። ራጁ ላይ በሁለቱም ጭኖቿ አጥንት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል።

«ኦስቲኦማላሺያ ነው። አጥንቷ ለስልሷል» አለን ሐኪሙ። «አሁን አንድ ጊዜ ቢጥላት ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ይሆናል።» ከዚያ ወደ አባትየው ዞሮ «ፀሐይ ታገኛለች?» አለ። ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

መድኃኒቷ ቀስ በቀስ በሌላ ተቀየረ። ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ተጀመረላት፤ በየቀኑ ደጅ እንድትቀመጥም ታዘዘ። በእነዚያ ወራት ስልኬ በጠራ ቁጥር ተሰበረች የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ለማንሳት እፈራ ነበር።

አልጣላትም። በአምስተኛው ወር አያንቱ ክፍሌ ገብታ ተቀመጠች፤ ጭኗን ሳትደገፍም ተነሳች። አባቷ አለቀሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ካርድ ክፍል ገብቼ ሳላያቸው መድኃኒት የምደግምላቸውን ሁሉ ካርዳቸውን አወጣሁ። ጠረጴዛው ሞላ። ስንቶቹ መነሳት እንዳቃታቸው አላውቅም ነበር፤ ወደየቤታቸው ሰው እየላክሁ አስጠራኋቸው።

አዲስ ለሚመደቡ ነርሶች የምላቸው ይህን ነው፦ ታካሚው ሲራመድና ከመቀመጫው ሲነሳ ሳታዩ መድኃኒት አትድገሙ። ያን ቀን ካርዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ካወጣሁት ታካሚዎች ሁለቱ እንደ አያንቱ ሆነው ተገኙ። አንደኛዋን ያመጧት በቃሬዛ ነበር።